አርሰናል ፍጥነት አጥቶ ነው ወይስ ፍጥነቱን ቆልፎበት?

ሰሞኑን ጅማ ላይ ከአርሰናል ደጋፊ ጋር ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው ወሬው የት እንደሚያርፍ ቀድሞ ያውቀዋል። "ሰውዬው ፈሪ ነው" ይባላል። ሰውዬው የአርሰናል አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ክስ ይመጣል፤ "ፊት ላይ የሚሮጥ ሰው የለንም!" መርካቶ ሂዱ፣ ፈረንጅ አራዳ ሂዱ፣ አጂፕ አካባቢ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ቃሉ ይለያይ እንደሆን እንጂ ክሱ ያው ነው። ቡድኑ አሸንፎ ሲወጣ እንኳ ግማሹ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚወጣው።

ይህን ክርክር ንቄ አላልፈውም። ደጋፊ ሳምንቱን ሙሉ ጠብቆ፣ የመግቢያ ከፍሎ፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ነው የሚያየው። ያየውንም አይቷል። ችግሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ መነገራቸው ነው። የአሰልጣኝ ጥንቃቄ አንድ ነገር ነው። የአጥቂ ፍጥነት ደግሞ ሌላ። ሁለቱ ሲምታቱ "ፈጣን ልጅ ይገዛልን" እንላለን። ይገዛል። ጨዋታው ግን እዚያው ይቀራል።

መስከረም 11 ቀን 2018 ምሽት የተደረገውን የማንችስተር ሲቲ ጨዋታ እንውሰድ። በሜዳችን ነው፣ ኤምሬትስ። አርቴታ መሃል ላይ ዴክላን ራይስን፣ ማርቲን ዙቢሜንዲን እና ሚኬል ሜሪኖን አሰለፈ። ሦስቱም ታታሪ ናቸው፣ ሦስቱም ኳስ በቀላሉ አይቀሙም። ግን ከሦስቱ አንዱም ተከላካይ አልፎ ሄዶ ቀዳዳ የሚከፍት ዓይነት አይደለም። ያን የሚያደርገው ኤቤሬቺ ኤዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። ቡካዮ ሳካም እንደዚያው። በ9ኛው ደቂቃ ኧርሊንግ ሃላንድ በመልሶ ማጥቃት አገባብን። ከዚያ በኋላ እስከ ዕረፍት ያየነው ኳሱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ "ወደፊት ስጠው!" የሚለው ጩኸት ያኔ ነው የጀመረው።

ከዕረፍት መልስ ኤዜ እና ሳካ ሜሪኖን እና ማዱዌኬን ተክተው ገቡ። ጨዋታው ተለወጠ። ሲቲ ወደ ኋላ ተሰበሰበ፣ መጨረሻ ላይ በአምስት ተከላካይ ግቡን ሲጠብቅ አመሸ። የፔፕ ጋርዲዮላ ቡድን በዚያ ምሽት የነበረው የኳስ ቁጥጥር 32.8 በመቶ ነው፤ ሰውዬው አሰልጣኝ ሆኖ በመራቸው የሊግ ጨዋታዎች ዝቅተኛው። በጭማሪው ሰዓት ኤዜ ከመሃል አንድ ኳስ ከተከላካዮቹ ራስ በላይ አሻገረ። ገብርኤል ማርቲኔሊ ከኋላቸው ሮጦ ደረሰበት፣ የሲቲ ግብ ጠባቂ ዶናሩማ ግቡን ለቆ ሲወጣ በላዩ ላይ ቁልል አድርጎ አገባት። 1 ለ 1።

እቺን ግብ ደጋግሜ አይቻታለሁ። አንድ ኳስ፣ አንድ ሩጫ፣ አንድ ምት። ማርቲኔሊ በዚያች ምሽት ድንገት ፈጣን አልሆነም፤ ሁልጊዜም ፈጣን ነው። የተለወጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሲቲ ተከላካዮች ከግባቸው ትንሽ ራቅ ብለው ስለነበር ከኋላቸው ክፍት ቦታ ተገኘ። ሁለተኛ፣ ኳሱ እግሩ ሥር እንደገባ ቀና ብሎ ያን ቦታ የሚያይ ሰው ሜዳ ላይ ነበር። ያ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን አርባ አምስት ደቂቃ ያሳለፈው ወንበር ላይ ነው።

እንግዲህ "የሚሮጥ ሰው የለንም" የሚለውን እንመርምረው። ማርቲኔሊ አለ። ኖኒ ማዱዌኬ አለ። ሳካ አለ። ቪክቶር ዮኬሬሽ ከስፖርቲንግ ሊዝበን የመጣው ከተከላካይ ጀርባ በመሮጥ እና ሰው ገፍቶ በማለፍ ስሙን አስጠርቶ ነው። እግር አልጠፋም። የጠፋው የሚሮጥበት መንገድ ነው። በገበያ ቀን መርካቶ ውስጥ የገባ ባጃጅ ሞተሩ አዲስም ሆነ አሮጌ ከእግረኛው እኩል ነው የሚሄደው። አሥር ሰው የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ አፍ ላይ ደርድሮ የሚጠብቅ ቡድን ፊት ላይም የአጥቂ ፍጥነት እንዲሁ ነው የሚሆነው። ለሩጫ ከተከላካይ ጀርባ ሃያ፣ ሠላሳ ሜትር ያስፈልጋል። አብዛኛው ቡድን ኤምሬትስ ሲመጣ አምስት ሜትር እንኳ አይሰጥም።

ማስረጃው ደግሞ እጃችን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ሪያል ማድሪድን በሜዳችን 3 ለ 0 ካሸነፍን በኋላ ማድሪድ ላይ የተደረገውን የመልስ ጨዋታ አስታውሱ። ማድሪድ ግብ ስለሚያስፈልገው የግድ ወጣ። በጭማሪው ሰዓት ማርቲኔሊ ያለ ከልካይ ወደ ግብ ሮጦ አገባ፣ 2 ለ 1 አሸንፈን ወጣን። ያኔ "ፍጥነት የለንም" ያለ ማንም አልነበረም። ያው ልጅ ነው፣ ያው እግር ነው።

ታዲያ ጥንቃቄው የት ጋ ነው ያለው? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ጥንቃቄ ሲባል ወደ ኋላ ተሰብስቦ መከላከል ብቻ ይመስለዋል። የአርቴታ ጥንቃቄ ሌላ ዓይነት ነው። ቡድኑ ኳስ ይዞ ተቃራኒ ሜዳ ላይ ሰፍሮ እያለም ይጠነቀቃል። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን ለአንድ አምስት ደቂቃ ተዉትና ከኋላ የቀሩትን ቁጠሩ። ዊሊያም ሳሊባ እና ጋብሬል መሃል ላይ ናቸው። ከሁለቱ የመስመር ተከላካዮች አንዱ ወደ መሃል ገብቶ ከዙቢሜንዲ ጎን ይቆማል። ብዙ ጊዜ ራይስም ብዙ አይርቅም። አራት፣ አንዳንዴ አምስት ሰው ማለት ነው። ሥራቸው ኳሱ ሲቀማ ተቃራኒው መልሶ እንዳያጠቃ መቁረጥ ነው። ለዚህ ነው አርሰናል በ2023/24 29 ግብ ብቻ፣ በ2024/25 ደግሞ 34 ግብ ብቻ የተቆጠረበት። በሁለቱም ዓመት ከሊጉ ትንሹ።

ዋጋው ግን አለ። አምስት ሰው ኋላ ከቀረ በአምስት ሰው ዘጠኝና አሥር ሰው መስበር አለብህ። ሳካ ቀኝ መስመር ላይ ኳስ ሲደርሰው ሁለት ሰው ይጠብቀዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ለእርዳታ ቆሟል። አንዱን ቢያልፍ ሌላው አለ። ስለዚህ መልሶ ይሰጣል። ኦዴጋርድ ተቀብሎ ይዞራል፣ ቀዳዳ ያጣል፣ ወደ ኋላ ይሰጣል። ሳሊባ ጋ ይደርሳል። እሱም ለግብ ጠባቂው ዳቪድ ራያ። ከዚያ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

ደጋፊው "ቀርፋፋ" የሚለው ይህን ነው፣ ትክክልም ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ቅጽበት ነው። ኳሱን መሃል ሜዳ ላይ የቀማንበት ቅጽበት። ያን ጊዜ ተቃራኒው ሊያጠቃ ወጥቶ ነበር፣ መስመሩ ተበትኗል፣ ከጀርባው ክፍት ነው። ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ። የመጀመሪያዋ ቅብብል ወደፊት ከሄደች ማርቲኔሊም ሆነ ዮኬሬሽ የሚሮጥበት ሜዳ ያገኛል። የመጀመሪያዋ ቅብብል "እስኪ እንረጋጋ" ብላ ወደ ኋላ ከሄደች ግን በቃ፣ አሥሩም ቦታቸው ገብተዋል። የአርሰናል ፍጥነት የሚጠፋው እዚያች ቅብብል ላይ ነው። አጥቂው ጋ ከመድረሷ ብዙ በፊት።

ጅማ ውስጥ ክረምት ላይ የሰፈር ኳስ የተጫወተ ሁሉ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ኳሱ አይንከባለልም። ጎን ለጎን ቅብብል የሞከረ ቡድን ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ላይ ኳሱን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ልጆቹ ቶሎ ወደፊት መላክ ይለምዳሉ። ለዚህም ይመስለኛል እዚህ ከተማ ያለ ተመልካች ወደ ኋላ የሚሄድ ኳስ ሲያይ ቶሎ የሚቆጣው።

የትዝታ ጉዳይም አለ። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አንጋፋ ደጋፊ አይጠፋም። ቲየሪ ኦንሪን ያየ። ሮቤር ፒሬስን፣ ፍሬዲ ሉንበርግን ያየ። ከጎኑ የተቀመጠው ወጣት "ጋሼ፣ ያኔም እንዲህ ነበር የምንጫወተው?" ሲለው "ኧረ ተወኝ ልጄ! ያኔ ኳስ ከበረኛችን እጅ ወጥታ ግብ ውስጥ እስክትገባ ሻይ አንስተህ አትጠጣም" ይለዋል። እውነቱን ነው። የአርሰን ቬንገር ቡድን በመልሶ ማጥቃት የሚደርስበት አልነበረም። ግን ቁጥሩን አብረን እንየው። በ2003/04 ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳው ያ ቡድን 26 ጨዋታ አሸንፎ 12 አቻ ወጥቷል። በ38 ጨዋታ ያስቆጠረው 73 ግብ ነው። የአርቴታ ቡድን በ2023/24 91 ግብ አስቆጥሯል። ስለዚህ "ድሮ ግብ በግብ ነበርን፣ አሁን ደረቅን" የሚለው በቁጥር አይቆምም። ለጋሼ ፍትሕ ለመስጠት ግን፣ የያኔው ግብ ሲመጣ ቶሎ ይመጣ ነበር፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ። ሰው ልብ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። ደግሞም ያኔ ወደ ድሮው ሜዳችን ሃይበሪ የሚመጣው ተጋጣሚ ዛሬ ኤምሬትስ እንደሚመጣው ሁሉ አሥሩንም አያስቀምጥም ነበር።

አሁን የ2024/25ን ሠንጠረዥ እንክፈት። ለእኔ የዚህ ክርክር ቁልፍ እሱ ውስጥ ነው። ሊቨርፑል ሻምፒዮን ሆነ በ84 ነጥብ። አርሰናል ሁለተኛ በ74። ሊቨርፑል ስንት ጊዜ ተሸነፈ? 4 ጊዜ። አርሰናልስ? 4 ጊዜ። እኩል። ግብ የተቆጠረበትን ካያችሁ እንዲያውም እኛ እንሻላለን፣ 34 ለ41። ልዩነቱ ያለው አቻው ላይ ነው። ሊቨርፑል 25 አሸንፎ 9 አቻ ወጣ። እኛ 20 አሸንፈን 14 አቻ ወጣን። አሥሩም ነጥብ የፈሰሰው እዚያ ነው።

"በጉዳት ነው" የሚል ወገን አለ፣ መደመጥ አለበት። ኦዴጋርድ የውድድር ዓመቱ መጀመሪያ ላይ በብሔራዊ ቡድኑ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ሳካ ታኅሣሥ ላይ ታፋውን ተጎድቶ ወራት ቀረ። ጋብሬል ጄሱስ ጉልበቱን፣ ካይ ሃቨርትዝ ታፋውን። የካቲት ላይ አጥቂ ጠፍቶ አማካዩ ሜሪኖ በአጥቂ ቦታ ተሰልፎ ሌስተር ላይ ሁለት አገባ። ቀይ ካርዶቹም ነበሩ፣ ራይስ ብራይተን ላይ፣ ትሮሳርድ ሲቲ ላይ፣ ሳሊባ ቦርንማውዝ ላይ። ይህን ሁሉ የማይቆጥር ሰው ፍርዱ ሚዛን የለውም።

ግን አቻዎቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ጉዳት ብቻ አልታየኝም። ሊቨርፑልን በሜዳችን ሁለት ጊዜ መርተን 2 ለ 2 ወጣን። አስቶን ቪላን በሜዳችን 2 ለ 0 መርተን 2 ለ 2። ክሪስታል ፓላስን በሜዳችን ሁለት ጊዜ መርተን 2 ለ 2፤ ከሁለቱ አንዷን ያገባብን ያኔ የፓላስ ተጫዋች የነበረው ኤዜ ነው። ብራይተን፣ ኤቨርተን፣ ብሬንትፎርድ ላይም መርተን አቻ ወጣን። በቀጣዩ የውድድር ዓመት ደግሞ፣ ጥቅምት 2018 መጨረሻ ላይ፣ ሰንደርላንድ ሜዳ 2 ለ 1 ስንመራ ቆይተን በጭማሪው ሰዓት 2 ለ 2 ሆነ።

የአርቴታ ጥንቃቄ የሚጎዳን እዚህ ነው። ግብ ስናገባ ተቃራኒው የግድ ይወጣል። ያ የምንመኘው ክፍት ሜዳ የሚገኘው ያኔ ነው። ማርቲኔሊ የሚሮጥበት፣ ዮኬሬሽ ተከላካይ የሚገፋበት ሰዓት እሱ ነው። እኛ ግን ልክ ያኔ ቀዝቀዝ እንላለን። አጥቂ ወጥቶ ተከላካይ ይገባል። ኳሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለተኛዋ ግብ ትመጣለች ብለን ቁጭ ብድግ ስንል ደቂቃው ያልቃል፣ አንዳንዴም ሌላው ያገባል። ሲከፈትልን በሩን እኛው እንዘጋዋለን።

አርቴታን የሚከላከሉ ጓደኞቼ ወዲያው የማዕዘን ምቱን ያነሳሉ። ልክ ናቸው። የቆሙ ኳሶች አሰልጣኙ ኒኮላስ ዦቨር እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ ወዲህ አርሰናል በቆሙ ኳሶች የሚፈራ ቡድን ሆኗል። ከሲቲው ጨዋታ በኋላ ባለው ሳምንት ኒውካስል ሜዳ ላይ 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ ሜሪኖ በ84ኛው ደቂቃ በግንባሩ አቻ አደረገ። በጭማሪው ተከላካዩ ጋብሬል ከማዕዘን ምት ሁለተኛዋን በግንባሩ አስገባ። ያን ምሽት ጅማ ጮኸች። ፉልሃም ላይ ያሸነፍንባት ብቸኛ ግብም ከማዕዘን ምት የመጣች ናት። የተዘጋ ቡድን በዚህ መንገድ ይከፈታል፤ እኔ "ይህ እግር ኳስ አይደለም" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ግን የማዕዘን ምት የሚገኘው አንድ ሰው ተከላካይ ላይ ደፍሮ ሲሄድ ነው። የሚደፍር ሲጠፋ ኮርናውም ይጠፋል።

ዲኤስቲቪ ቤቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚጋጋል ሲነሳ አንድ ነገር ዝም ተብሎ ይታለፋል። ቤቲንግ ነው። ብዙ ወጣት ጨዋታውን የሚያየው ትኬት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነው። "ከሦስት ግብ በላይ" ብሎ የቆረጠ ልጅ አርሰናል 1 ለ 0 እየመራ ኳስ ሲያንሸራሽር ሲያይ የሚናደደው ለታክቲኩ አይደለም። የወንድሞቼ፣ የጎረቤቶቼ ልጆች ገንዘብ ነው እዚያ የሚያልቀው፣ እና ያመኛል። ክርክሩንም አበላሽቶታል። ቡድኑ ጥሩ ተከላክሎ ማሸነፉ ራሱ እንደ ጥፋት እየተቆጠረ ነው።

የጅማ ሰው ከብዙ ከተማ በተሻለ የሚረዳው አንድ ነገር ደግሞ አለ። የግብ ክፍያ፣ ያገባኸውና የተቆጠረብህ ግብ ልዩነት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪምየር ሊጉ ባደገበት ዓመት በገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ዋንጫውን ሲያነሳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ነበር። የለያቸው የግብ ክፍያ ነው። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ በዚያ ዓመት 23 ግብ አግብቶ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። አንድ ለዜሮ ይበቃናል ብሎ ከቆመ አጥቂ 23 ግብ አይገኝም። ያቺ "ትርፍ" የምትመስል ሁለተኛ እና ሦስተኛ ግብ ናት ዋንጫውን ወደዚህ ከተማ ያመጣችው። በ2014 ዓ.ም. ክለባችን ከሊጉ ሲወርድ የከፋን ብዙዎች ያን ዓመት አሁንም እናወራዋለን።

ይህን ወደ አርሰናል ሠንጠረዥ እናምጣው። ከ14ቱ አቻዎች አምስቱን በአንድ ግብ ልዩነት አሸንፈን ቢሆን ኖሮ ነጥባችን 84 ይሆን ነበር፣ ከሊቨርፑል እኩል። ዋንጫውን ግን አሁንም አናገኝም ነበር። ሊቨርፑል 86 አግብቶ 41 ተቆጥሮበት የግብ ክፍያው 45 ነው። የእኛ 35፣ አምስቷ ብትጨመር 40። መሐመድ ሳላህ ብቻውን 29 አግብቶ 18 አመቻችቷል። ሊቨርፑል ሲመራ አይቆምም ነበር፤ ሌላው ሲከፈትለት ይሮጥበታል።

ስለዚህ አርቴታን "ፈሪ" ብሎ መዝጋት ትክክል አይመስለኝም። አራት ሰው ኋላ አስቀርቶ መጫወቱን አልቃወምም፤ እዚህ ያደረሰን እሱ ነው። ከሜዳ ውጭ ትልቅ ቡድን ላይ ሦስት ታታሪ አማካይ ማሰለፉንም እረዳለሁ። የምቃወመው ሁለት ነገር ነው። በሜዳችን ከመጀመሪያው ደቂቃ ኤዜን የመሰለ ሰው ወንበር ላይ ማስቀመጡን፣ እና 1 ለ 0 ስንመራ በ60ኛው ደቂቃ ላይ ሩጫውን ማቆማችንን። በሚቀጥለው ጨዋታ የመጀመሪያዋን ግብ ካገባን በኋላ ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ እዩ። የክንፍ ተጫዋች በክንፍ ተጫዋች ከተተካ ሁለተኛዋን እየፈለግን ነው። አጥቂ ወጥቶ ተከላካይ ከገባ ግን "ወደፊት ስጠው!" የሚለው ጩኸት ተገቢ ነው፣ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።